የደበዘዘ የፋይበርግላስ ጀልባን ወደ ቀድሞ አንጸባራቂነቱ ስለመመለስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጣናም ሆነ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ የቆየ የፋይበርግላስ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ዘወትር የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረው ቀርበዋል።

የፋይበርግላስ ጀልባ ገላ ለምን ይደበዝዛል?

በዓይናችን የምናየው የጀልባው ውጫዊ ገጽ ፋይበሩ ራሱ ሳይሆን ጄልኮት የሚባለው ሽፋን ነው። ጄልኮት ቀለም የተቀላቀለበት የፖሊስተር ሙጫ ሲሆን፣ ጀልባው ሲሠራ ከሁሉ አስቀድሞ በተወለወለ ፎርማ ላይ ይረጫል፤ የመስታወት ቃጫውና ሌላው ሙጫ የሚደረበው ከእሱ በኋላ ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ይህን ቁጥር ማስታወስ ይጠቅማል፤ ከዚህ በታች የሚቀርበው ምክር ሁሉ ይህ ስስ ሽፋን በከንቱ እንዳያልቅ የታሰበ ነው።

ሽፋኑን የሚጎዳው ከሁሉ በላይ ፀሐይ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር ሙጫውን ቀስ በቀስ ሲሰባብረው ቀለሙን ይዞ የነበረው ነገር ይጠፋና የቀለሙ ዱቄት ብቻ ላዩ ላይ ይቀራል፤ ገጹም በዓይን በማይለዩ ጉድጓዶች ስለሚሞላ በላዩ የሚያርፈው ብርሃን በአንድ አቅጣጫ መመለሱ ቀርቶ ይበተናል። የጨረሩ ኃይል በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው ጣና ያለ ጥላ የሚቆም ጀልባ በዚያው ኬክሮስ በባሕር ጠረፍ ከሚቆም ጀልባ ይልቅ ጥርት ባለ ቀን የበረታ ፀሐይ ያርፍበታል።

ጀልባዬ ምን ያህል እንደተጎዳ በምን አውቃለሁ?

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሁለት ቀላል ፈተናዎችን ያድርጉ። መጀመሪያ ደረቁን ገላ በመዳፍዎ ጫን ብለው ይጥረጉት፤ መዳፍዎ በዱቄት ከተለበጠ ሙጫው መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ቀጥሎ ቦታውን በውሃ ያርጥቡት። እርጥቡ ቦታ የቀድሞ ቀለሙን ወዲያው አውጥቶ ካሳየ ጉዳቱ ላይ ላዩን ስለሆነ በኮምፓውንድ፣ ማለትም በደቃቅ መፈተጊያ ቅባት፣ ብቻ ሊመለስ ይችላል። ረጥቦም ፈዛዛ ሆኖ ከቀረ ግን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ሳያስፈልገው አይቀርም። የመስታወት ቃጫው ሽመና ከሥር መታየት ከጀመረ ጄልኮቱ አልቋል፤ ያኔ የቀረው አማራጭ መቀባት ነው።

ጉዳቱ በሁሉም ቦታ እኩል እንዳልሆነ አይርሱ። ወደ ሰማይ የሚመለከተው የላይኛው ጠርዝና አፍንጫው ከጎኖቹ ይልቅ ይብስባቸዋል፤ ጀልባው ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ የሚታሰር ከሆነም ፀሐይ አብዝቶ የሚመታው ጎን ከሌላው የከፋ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ፈተናውን በየቦታው ያድርጉ፤ አንዱ ጎን ስለተጎዳ ብቻ ደህናውንም ጎን በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ሽፋኑን ያለ ምክንያት ማባከን ነው።

ላዩ ላይ ያለው ጄልኮት ይሁን ኋላ የተቀባ ቀለም እንዴት እለያለሁ?

ይህ ጥያቄ በአገራችን በጣም አስፈላጊ ነው፤ ብዙ የቆዩ ጀልባዎች ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ በየጊዜው ተቀብተዋል። በማይታይ ቦታ ላይ አሴቶን (ቀለምና ሰም የሚያሟሟ ፈሳሽ) የነካ ነጭ ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ጫን አድርገው ይያዙ። ገጹ ከለሰለሰ ወይም ከተጣበቀ ተራ ቀለም ነው። ጄልኮት ከሆነ በጨርቁ ላይ ዱቄት ሊተው ይችላል እንጂ አይለሰልስም። ሁለት አካል ያለው፣ ማለትም ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚቀባ፣ ጠንካራ ቀለምም አሴቶንን ሊቋቋም ስለሚችል፣ ከዚህ በተጨማሪ የቆየ ጭረት ወይም የተገነጠለ ጠርዝ ይፈልጉና የሌላ ቀለም ንብር መኖሩን ይመልከቱ። ገላው የተቀባ ከሆነ ከዚህ በታች የተጻፈው የብርጭቆ ወረቀት አሠራር አይመለከተውም፤ ቀለም ከጄልኮት እጅግ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይበሳል።

በምን ልጠበው?

ለመጀመሪያው እጥበት በብዙ ውሃ የተበጠበጠ ላርጎና ለስላሳ ስፖንጅ ይበቃል። ላርጎ የቀረውን አሮጌ ሰም ጭምር ስለሚያነሳ በዚህ ደረጃ ተመራጭ ነው፤ አዲስ ሰም ከተቀባ በኋላ ግን በዚያው ምክንያት አይመከርም። በአሸዋ፣ በድስት ሽቦ ወይም በሚፈትግ የዱቄት ሳሙና ማጠብ ጄልኮቱን ይቧጥጠዋል፤ ሽቦው ደግሞ ተሰብሮ የሚቀረው ብናኝ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ዝገት ነጠብጣብነት ይለወጣል።

ከደረቀ በኋላ በሁለት ጨርቅ ይሥሩ፤ አንዱ አሴቶን የነካ፣ ሌላው ደረቅ ይሁን። በመጀመሪያው እያበሱ አሴቶኑ ሳይተን ወዲያው በሁለተኛው ይጥረጉ፤ አለበለዚያ የሟሟው ሰም ተመልሶ እዚያው ይደርቃል። ሰምና ሲሊኮን ያልተነሳበት ገጽ ኮምፓውንዱን ያንሸራትተዋል፤ ቀለም የሚቀባ ከሆነም በየቦታው ክብ ክብ ጉድጓድ ያወጣል።

ውሃ የሚደርስበት መስመር ላይ ያለውን ቡናማ እድፍና የጎማ ጥቁር ምልክት ምን ያስለቅቀዋል?

በክረምት ወንዞች ደለል ይዘው ሲገቡ በገላው ላይ የሚቀረው ቢጫና ቡናማ ቀለም በፍትጊያ የሚለቅ አይደለም፤ መሟሟት ያለበት እድፍ ነው። ለዚህም ሆነ ከብሎን ሥር ለሚወርድ ዝገት ፍቱኑ ኦክሳሊክ አሲድ ነው። በመመሪያው መጠን በውሃ ይበጥብጡት፤ በፕላስቲክ ብሩሽ ይቀቡና ለደቂቃዎች ይቆዩ፤ ሳይደርቅ በብዙ ውሃ ያለቅልቁት። መርዛማ ስለሆነ ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው። ነጭ ሆኖ ለሚጋገረው የውሃ ጨው አቼቶ በቂ ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስባለሁ፤ ኦክሳሊክ አሲድንም ሆነ አቼቶን ከበረኪና ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፤ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ጀልባው ከወደብ ጋር እንዳይጋጭ የሚንጠለጠሉት አሮጌ የመኪና ጎማዎች የሚተዉት ጥቁር ምልክት ብዙውን ጊዜ በአሴቶን ይለቃል፤ የቀረውን ኮምፓውንድ ያነሳዋል። ጎማዎቹን በወፍራም ሸራ መሸፈን ግን ከሁሉ ይሻላል።

ሰም ብቻ ብቀባው አይበቃም?

ከላይ በተጠቀሰው ፈተና መዳፍዎ ላይ ዱቄት ካልወጣ ይበቃል። ዱቄት ከወጣ አይበቃም፤ ሰም የሚከላከል እንጂ የሚጠግን ነገር አይደለም። በበሰበሰ ገጽ ላይ የተቀባ ሰም ለሳምንት ያህል ያጠቁረውና ያማረ ያስመስለዋል፤ ከዚያም ከሥሩ ካለው ዱቄት ጋር አብሮ ይለቃል። መጀመሪያ የሞተው ንብር መነሳት አለበት።

ኮምፓውንድ እንዴት ይሠራል? በእጅ ነው ወይስ በማሽን?

ኮምፓውንድ ማለት በቅባት ውስጥ የተያዘ እጅግ ደቃቅ መፈተጊያ ነው፤ የበሰበሰውን ንብር ያነሳና ከሥሩ ያለውን ጤነኛ ጄልኮት ያለሰልሳል። በእጅ መሥራት ለጠባብ ቦታና ለማዕዘን ይሆናል፤ ሙሉ ጀልባን በእጅ መጨረስ ግን አድካሚ ነው፤ ውጤቱም ዥንጉርጉር ይሆናል። ፍጥነቱ የሚስተካከል ፖሊሸር ተከራይቶም ቢሆን ማግኘት ይሻላል።

ብዙ ጉዳት ሲደርስ የሚታየው ፖሊሸር በሌለበት የብረት መቁረጫ ግራይንደር ላይ ንጣፍ ገጥሞ በመሥራት ነው። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ያህል ዙር ሲዞር፣ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ከ1,200 እስከ 1,800 ዙር ነው። በግራይንደሩ ፍጥነት ጄልኮቱ በቅጽበት ይግላል፤ ነጩ ገጽ ቢጫ ጠባሳ ያወጣል፤ ጠርዝ ላይ ከሆነ ደግሞ እስከ ቃጫው ይበሳል። ይህን ጉዳት የሚመልሰው አዲስ ጄልኮት ብቻ ስለሆነ ግራይንደሩን መተው ይሻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጀልባው የብስ ላይ ወጥቶ በጥላ ሥር ይቁም፤ ገላው ለእጅ የሚሞቅ ከሆነ ኮምፓውንዱ ሳይሠራ ይደርቃል። 60 ሴንቲሜትር በ60 ሴንቲሜትር የሚሆን ቦታ ወስደው ኮምፓውንዱን በማሽኑ ንጣፍ ነካ ነካ ያድርጉ፤ ማሽኑን በዝግታ አስነሥተው ካዳረሱት በኋላ ፍጥነቱን ይጨምሩ። ንጣፉን ዝርግ አድርገው ያለማቋረጥ ያንቀሳቅሱት፤ አንድ ቦታ ላይ አይቁሙ። መጀመሪያ የበግ ጠጉር ንጣፍ ከሻከረው ኮምፓውንድ ጋር፣ ቀጥሎ የስፖንጅ ንጣፍ ከደቃቁ ፖሊሽ ጋር ይጠቀሙ። ጠርዞችንና ሹል መታጠፊያዎችን አስቀድመው በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑና በመጨረሻ በእጅ ይሥሯቸው፤ ሽፋኑ እዚያ ላይ ይሳሳል።

ብርጭቆ ወረቀት የሚያስፈልገው መቼ ነው? ከየትኛው ቁጥር ልጀምር?

የሚያስፈልገው ኮምፓውንዱ በሙከራ ቦታ ላይ ካልሠራ ብቻ ነው። 30 ሴንቲሜትር በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ቦታ ይምረጡና መጀመሪያ ኮምፓውንዱን ብቻ ይሞክሩ። ካልበቃ 1,500 ቁጥር፣ ካልበቃ 1,000፣ ካልበቃ 800 ይሞክሩ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ወረቀቱ ይሻክራል። 600 ቁጥር እጅግ ለተጎዳ ገላ ብቻ የሚሆን የመጨረሻ አማራጭ ነው። ብዙ ሠራተኞች ጊዜ ለማትረፍ ሲሉ ከሻካራው ይጀምራሉ፤ ነገር ግን የሻካራውን ጭረት ለማጥፋት የሚወስደው ጊዜ ካተረፉት ይበልጣል፤ የሚጠፋው ጄልኮትም አይመለስም። የሚሠራው ለስላሳ ቁጥር እያለ ከሻካራው መጀመር ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ።

የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ይጠቀሙ፤ ውሃው ውስጥ ጥቂት ላርጎ ጠብ ያድርጉ። ወረቀቱን በጣት ሳይሆን በጎማ መያዣ ላይ ጠቅልለው ይሹ፤ ጣት ቦይ ያወጣል። ከመጀመርዎ በፊት ገላው ላይ በእርሳስ ቀጫጭን መስመሮች ያስምሩ፤ መስመሮቹ ሲጠፉ ያ ቦታ በዚያ ቁጥር ተዳርሷልና ይቁሙ። ከዚያ በውሃ አለቅልቀው፣ የውሃውን ባልዲም ለውጠው፣ እርሳሱን እንደገና አስምረው ወደሚቀጥለው ለስላሳ ቁጥር ይለፉ፤ የማሸት አቅጣጫውንም ያቋርጡ። ባልዲውን መለወጥ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ከ800 ቁጥር የቀረች አንዲት ቅንጣት በ1,500 ወረቀት ሥር ገብታ የምትሠራው ጭረት የሚታየው ሥራው ሁሉ አልቆ ገላው ፀሐይ ላይ ሲወጣ ነው።

ከ1,500 ወይም ከ2,000 ቁጥር በኋላ ገላው ሲደርቅ አንድ ዓይነት ድብዝዝ ያለ ልስላሴ ሊኖረው ይገባል። በመካከሉ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ከታዩ ወረቀቱ ያልደረሰባቸው ዝቅ ያሉ ቦታዎች ናቸው፤ እነሱን ለመያዝ ሲባል ዙሪያውን አብዝቶ መፈተግ አይገባም። ከዚህ በኋላ ወደ ኮምፓውንድ ይታለፋል።

ለመኪና የተሠራ ኮምፓውንድና ፖሊሽ መጠቀም እችላለሁ?

ይቻላል። የመኪና የላይኛው ግልጽ ቀለም ውፍረቱ 0.05 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ የመኪና ፖሊሽ ለዘብ ተደርጎ ይሠራል፤ በወፍራሙ ጄልኮት ላይ ጊዜ ይወስዳል እንጂ አይጎዳም። ስለዚህ ከመኪና ዕቃ መሸጫ የሚገዙትን ሻካራ ኮምፓውንድ ለመጀመሪያው ዙር፣ ፖሊሹን ለሁለተኛው ያድርጉት። በጥርስ ሳሙና መወልወል ጊዜ ማባከን ነው።

ካንጸባረቀ በኋላ ምን ልቀባው? ለምን ያህል ጊዜስ ይቆያል?

ገጹ አሁን ጤነኛ ቢሆንም እርቃኑን ነው፤ ሳይሸፈን ከቀረ በጥቂት ወራት ወደነበረበት መመለስ ይጀምራል። የካርናውባ ሰም ደስ የሚል ጥልቅ ብርሃን ይሰጣል፤ ግን በፀሐይ ቶሎ ስለሚያልቅ በየጥቂት ወሩ መታደስ አለበት። ከፖሊመር የተሠሩ ማሸጊያዎች ከዚያ ይልቃሉ። ሴራሚክ የሚባለው ሽፋን ከሁሉም ረጅም ዕድሜ አለው፤ ይሁን እንጂ ከሥሩ ያለው ዝግጅት ፍጹም ካልሆነ ጉድለቱን አብሮ ያሽገዋል፤ ዋጋውም ውድ ነው። በየቀኑ መንገደኛና ጎብኚ ለሚያመላልስ ጀልባ፣ በስስ በስሱ ሁለት ጊዜ የተቀባ ፖሊመር ማሸጊያ የተሻለ ምርጫ ይመስለኛል።

መቼ እንደሚታደስ ቀን መቁጠር አያስፈልግም። ውሃ ሲረጩበት ነጠብጣቡ ክብ ሆኖ ከተንከባለለ ሽፋኑ አለ፤ ውሃው ዝርግ ብሎ ከተኛ አልቋል። ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ርካሹና ውጤታማው መከላከያ ጥላ ነው፤ በማይሠራበት ቀን ጀልባውን አየር በሚያስገባ ሸራ መሸፈን የሰሙን ዕድሜ ያረዝማል።

ሳይፈተግ እንደ ቫርኒሽ በጨርቅ የሚቀባ ፈሳሽ ይሸጣል። ይሠራል?

እነዚህ አብዛኞቹ የወለል ማብረቂያ ዓይነት የአክሪሊክ ፈሳሾች ናቸው። ጥቃቅን ጉድጓዶቹን ስለሚሞሉ በዕለቱ ያምራሉ፤ በንጹሕ ገጽ ላይ በስሱ ከተቀቡም አንድ ወቅት ሊቆዩ ይችላሉ። ችግሩ የሚመጣው ሲያረጁ ነው፤ ቢጫ ይሆናሉ፣ እንደ ቅርፊት ይላጣሉ፣ ያኔም በልዩ ማስለቀቂያ ተፍቀው ካልተነሡ በላያቸው ኮምፓውንድ መሥራት አይቻልም። ጀልባውን ለረጅም ጊዜ ለሚይዝ ሰው አልመክራቸውም።

ጥቃቅን ስንጥቆች አሉበት። ማሸቱ ያጠፋቸዋል?

አያጠፋቸውም፤ እንዲያውም ነጭ ኮምፓውንድ ገብቶባቸው ሲደርቅ በሰማያዊና በቀይ ጀልባ ላይ ይበልጥ ጎልተው ይወጣሉ። መጀመሪያ ቅርጻቸውን ይመልከቱ። ከአንድ ነጥብ በኮከብ ቅርጽ የሚበተኑ ስንጥቆች የምት ምልክት ናቸው፤ ትይዩ ሆነው የሚሰለፉት ደግሞ ገላው በዚያ ቦታ እንደሚተጣጠፍ ያመለክታሉ። ሁለተኛው ዓይነት ከውስጥ ካልተጠናከረ በስተቀር የተሞላው ስንጥቅ ተመልሶ ይከፈታል።

አሞላሉ ስንጥቁን በሹል ነገር ቦይ አድርጎ በመክፈት፣ በአሴቶን በማጽዳትና ቀለሙ የተመሳሰለ ጄልኮት በመሙላት ነው። ማጠንከሪያው ብዙ ጊዜ ከጄልኮቱ ክብደት 1 እስከ 2 በመቶ ነው። ተራ ጄልኮት አየር የነካው ገጹ ተጣባቂ ሆኖ ስለሚቀር ሰም ያለበትን ዓይነት ይግዙ፤ ካልተገኘ ከሞሉት በኋላ በፕላስቲክ ወረቀት ይሸፍኑት። ማጠንከሪያው ፐርኦክሳይድ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል፤ ኮባልት ካለበት ማፋጠኛ ጋር በቀጥታ ከተገናኘ ደግሞ ይፈነዳል። ሁለቱን ለየብቻ ያስቀምጡ፤ መነጽር ሳያደርጉ ክዳኑን አይክፈቱ።

ከውሃ በታች ያለው ክፍል ውሃ እንደቋጠረ ቆዳ አብጧል። ምንድን ነው?

ውሃ በጄልኮቱ ውስጥ ቀስ ብሎ አልፎ ከሥሩ ካለው ያልበሰለ ሙጫ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር እብጠት ነው። ጨው የሌለው ውሃ ከባሕር ውሃ ይልቅ በቀላሉ ስለሚሰርግ፣ ሙቀትም ስለሚያፋጥነው፣ ዓመቱን ሙሉ ሐይቅ ላይ ታስሮ የሚቆይ ጀልባ ለዚህ የተጋለጠ ነው። አንዱን ሲወጉት የኮመጠጠ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከወጣ ጥርጥር የለውም። ይህን አሽቶ ማንጸባረቅ ጉዳቱን መደበቅ ነው። እብጠቶቹ ተከፍተው፣ ገላው በደረቁ ወራት የብስ ላይ ለረጅም ጊዜ ደርቆ፣ ኤፖክሲ በሚባል ሙጫ ተሞልቶና በኤፖክሲ ንብር ተሸፍኖ መታከም ይኖርበታል። በኤፖክሲ ላይ ጄልኮት በደንብ ስለማይይዝ ያ ክፍል ከዚያ በኋላ የሚቀባው ቀለም ነው።

ሥራው ለጤናና ለሐይቁ አደጋ አለው?

አለው። የጄልኮትና የፋይበር ብናኝ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም፤ በውሃ ማሸት አንዱ ጥቅሙ ብናኙን መያዙ ነው። አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ሲጋራም ሆነ የከሰል ምድጃ በአቅራቢያው አይኑር። የማሽኑ ገመድ በእርጥብ መሬት ላይ አይዘርጋ፤ ኤሌክትሪክ ሲሾልክ የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያም ይኑረው።

ጣና ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው፤ ከዚያም በላይ ዓሣ የሚጠመድበትና ሰው የሚጠጣው ውሃ ነው። አሲዱም፣ የታሸበት ነጭ ውሃም፣ አሴቶን የነካው ጨርቅም ወደ ሐይቁ እንዳይደርስ ሥራውን ከዳርቻው ራቅ አድርጎ ማከናወን ግዴታችን ነው።

ጄልኮቱ ካለቀ በምን ቀለም ልቀባው?

የቤት ወይም የበር የዘይት ቀለም ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በፀሐይ ቶሎ ይደበዝዛል፣ ከገመድና ከጎማ ጋር ሲተሻሽም ይላጣል። ሁለት አካል ያለው የፖሊዩሪቴን ቀለም ከኤፖክሲ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት ከሚቀባ ንብር) ጋር በትክክል ከተቀባ ለዓመታት ያንጸባርቃል። አደጋው ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሲያኔት ነው፤ ሲረጭ ወደ ሳንባ ገብቶ ዘላቂ አስም ሊያስከትል ይችላል፤ ተራ ጭምብልም አያስቆመውም። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ ጭምብል የሌለው ቀቢ ሊረጨው አይገባም። ያለ መርጫ ለመቀባት ከተዘጋጀው ዓይነት ገዝቶ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ጓንትና ለኬሚካል ተን የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭምብል አድርጎ፣ አንዱ ሰው በሮለር በስሱ ሲቀባ ሌላው ወዲያው ተከትሎ በለስላሳ ብሩሽ ጫፍ ቢያስተካክለው፣ ከመርጫ ሥራ ብዙም የማይተናነስ ገጽ ይገኛል።